ዜሮን ከፖዘቲቭ ቁጥሮች ጋር የቀባው የግድግዳ የቁጥር መስመር

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት፣ ኢንቲጀሮችን (ዜሮንና ከዜሮ በታች ያሉትንም ጨምሮ ክፍልፋይ የሌላቸውን ቁጥሮች) መማር ለጀመረችው ልጄ መርካቶ ውስጥ ከሚገኝ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የግድግዳ የቁጥር መስመር በ280 ብር ገዛሁ። ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በፕላስቲክ ተለብጦ ከ−20 እስከ 20 ያሉትን ኢንቲጀሮች በትልልቅ አኃዝ ይዟል። ሰባት ወር ሙሉ ከጥናት ጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ተሰቅሎ ስለቆየ፣ ጥንካሬውንም ጉድለቱንም በሚገባ ለማየት ችያለሁ።

በአሠራሩ ቅር የሚያሰኝ ነገር የለውም። በማርከር የተጻፈበት በጨርቅ ይጠፋል፤ ጫፎቹ እስካሁን አልተላጡም፤ በቁጥሮቹ መካከል ያለው ርቀትም በማስመሪያ ለክቼ እንዳረጋገጥኩት እኩል ነው። ርቀቱ ባይስተካከል ኖሮ፣ ስለ ፍፁም ዋጋ፣ ማለትም አንድ ቁጥር ከዜሮ ስላለው ርቀት፣ የሚማር ልጅ 7 እና −7 ከዜሮ እኩል መራቃቸውን በዓይኑ ሊያይ አይችልም ነበር። ከ1 እስከ 20 ካሉት አኃዞች ሥር ደግሞ የግዕዝ ቁጥሮቹ ከ፩ እስከ ፳ የተጻፉ ሲሆን፣ ከዜሮ ሥር ያለው ቦታ ባዶ ተትቷል። ይህም ትክክል ነው፤ ግዕዝ ለዐሥር ፲፣ ለሃያ ፳፣ ለመቶ ፻ ራሱን የቻለ ምልክት ስላለው ባዶ ቦታ የሚይዝ አኃዝ አላስፈለገውም፤ አዘጋጁም የሌለ ምልክት ፈጥሮ አለማስገባቱን አደንቃለሁ።

ያሳዘነኝ ቀለሙ ነው። ከዜሮ በስተግራ ያሉት ቁጥሮች ቀይ ሆነው በላያቸው «ኔጌቲቭ ቁጥሮች» የሚል ተጽፏል፤ «ፖዘቲቭ ቁጥሮች» የሚለው ሰማያዊ ክፍል ግን የሚጀምረው ከ1 ሳይሆን ከዜሮ ነው። አንድ ምሽት ልጄ «ከ−3 እስከ 3 ካሉት ኢንቲጀሮች ውስጥ ፖዘቲቭ የሆኑት ስንት ናቸው?» የሚል የቤት ሥራ ሲገጥማት፣ ቀና ብላ ግድግዳውን አይታ 4 ብላ ጻፈች። መልሱ 3 መሆኑን ስነግራት «አባዬ፣ ዜሮም እኮ ሰማያዊ ነው» አለችኝ። ስህተቱ የእርሷ አልነበረም፤ የታመነ መማሪያ የነገራትን ነው የደገመችው።

ፖዘቲቭ የሚባለው ከዜሮ የሚበልጥ ቁጥር ነው፤ ኔጌቲቭ የሚባለውም ከዜሮ የሚያንስ ነው፤ ዜሮ ደግሞ ከራሱ አይበልጥም፣ አያንስምም። ትርጉሙ እንዲሁ በዘፈቀደ የተደነገገ እንዳልሆነ ለልጄ ያሳየኋት በማባዛት ነው። ፖዘቲቭ ቁጥር በኔጌቲቭ ቁጥር ሲባዛ ውጤቱ ኔጌቲቭ እንደሚሆን ተምራለች። ዜሮ ፖዘቲቭ ቢሆን ኖሮ 0 × (−5) ኔጌቲቭ መሆን ነበረበት፤ ነገር ግን ውጤቱ ያው ዜሮ ስለሆነ፣ አንዱ ቁጥር በአንድ ጊዜ ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም ሊሆን ነው። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጥቂት ካሰበች በኋላ «እንግዲያው ለብቻው ነው» አለች። ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ብራህማጉፕታ በ628 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የስሌት ሕጎቹን ሲጽፍ፣ ቁጥሮችን ሀብትና ዕዳ ብሎ ከለየ በኋላ ዜሮን ሦስተኛ አድርጎ ለብቻው ነበር ያስቀመጠው፤ እኩል ሀብትና ዕዳ ሲደመሩ ዜሮ ይሆናሉና። ዕዳውን ከፍሎ ኪሱ ባዶ የቀረ ሰው ባለዕዳም ባለሀብትም እንዳልሆነ ማንኛውም ልጅ ይረዳል።

አንድ ወዳጄ ለአዘጋጁ በመከራከር፣ በፈረንሳይ ሥርዓተ ትምህርት ዜሮ ፖዘቲቭ እንደሚባል አስታውሶኛል። እውነት ነው፤ በዚያ አነጋገር ፖዘቲቭ ማለት «ከዜሮ የሚበልጥ ወይም ከዜሮ ጋር እኩል የሆነ» ማለት ሲሆን፣ ዜሮን ለማስቀረት ሲፈለግ «በጥብቅ ፖዘቲቭ» ይባላል። ነገር ግን በዚያው አነጋገር ዜሮ ኔጌቲቭም ነው። ስለዚህ በእኛ አገር መማሪያ መጻሕፍት ብንሄድ ዜሮ ከሁለቱም ቀለም ውጪ መሆን፣ በፈረንሳዮቹ ብንሄድ ደግሞ ሁለቱንም ቀለም መያዝ ነበረበት፤ ዜሮን ለሰማያዊው ብቻ የሚሰጥ ሥርዓት ከሁለቱም ወገን አይገኝም።

መደብሩ ተመልሼ ጉዳዩን ሳስረዳ ሻጩ በጥሞና አዳምጦ ለአሳታሚው እንደሚያደርስ ቃል ገብቶልኛል። እርማቱ አንዲት ካሬ ነጭ ወይም ግራጫ ማድረግና «ፖዘቲቭ ቁጥሮች» የሚለውን ጽሑፍ በአንድ ቦታ ወደ ቀኝ ማሸጋገር ብቻ ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ኅትመት እንደሚስተካከል ተስፋ አደርጋለሁ። ከዚያ በፊት ለክፍል መገልገያ በብዛት ለመግዛት የሚያስቡ መምህራን እንዲታገሡ እመክራለሁ፤ ብዙ ልጆች በየቀኑ የሚያዩት ስህተት በአንድ ቃል አይነቀልምና። አስቀድሞ የገዛ ወላጅ ግን ሊጥለው አይገባም። ማርከር በጨርቅ ስለሚጠፋ ለዚህ አይሆንም፤ እኔ ነጭ ወረቀት በካሬው ልክ ቆርጬ በፕላስተር ከለጠፍኩበት በኋላ፣ ልጄ ራሷ ጥቁር እስክሪብቶ አንሥታ 0 ጽፋበታለች።