ጎረቤት ቃላት የተፈተኑበት የኪስ መዝገበ ቃላት

ለ11ኛ ክፍል ተማሪዋ የእህቴ ልጅ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት መጻሕፍት ሻጮች አንድ የእንግሊዝኛ-አማርኛ የኪስ መዝገበ ቃላት በ400 ብር ገዛሁላት። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አንዱን ቃል ከጎረቤቱ ጋር ያምታታ ተማሪ በባዮሎጂውም በኢኮኖሚክሱም መሳሳቱ አይቀርም። ስለዚህ መጽሐፉን የመዘንኩት በያዘው የቃል ብዛት ሳይሆን፣ በፊደል ተራ ጎን ለጎን የወደቁትን ቃላት እንዴት እንደሚለያቸው በማየት ነው።

መጀመሪያ የገለጥኩት «አዳፕት»፣ «አዴፕት» እና «አዶፕት» የሚገኙበትን ክፍል ነው። ሦስቱን የሚለያቸው የአንድ አናባቢ ለውጥ ብቻ ቢሆንም፣ አዘጋጁ የመጀመሪያውን «አስማማ፣ ተላመደ»፣ ሁለተኛውን «የተካነ»፣ ሦስተኛውን ደግሞ «በጉዲፈቻ ወሰደ፤ ሐሳብን ወይም አሠራርን ተቀበለ» ብሎ ከተረጎመ በኋላ ለእያንዳንዳቸው ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ሰጥቷል። በተለይ «ጉዲፈቻ»ን መምረጡን ወድጄለታለሁ፤ ቃሉ ራሱ አማርኛ ከኦሮምኛ ወስዶ የራሱ ያደረገው ነውና። የላቲን ሥራቸውም ቢጠቀስ ኖሮ፣ የመጀመሪያው ከማስማማት፣ ሁለተኛው ከማግኘት፣ ሦስተኛው ከመምረጥ እንደመጡ ያወቀ ተማሪ ዳግመኛ አያምታታቸውም ነበር።

ይህ ጥንቃቄ ግን እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። «ኢኮኖሚክ» እና «ኢኮኖሚካል» ሁለቱም «ኢኮኖሚያዊ» ተብለው ታልፈዋል። ልጅቷ ይህንኑ አምና፣ ስለ ቤተሰቧ በጻፈችው ድርሰት እናቷን «ኢኮኖሚክ ሴት» ብላ ገለጸቻት፤ ልትል የፈለገችው ቆጣቢ መሆኗን ነበር፤ ለዚያ የሚሆነው ደግሞ ሁለተኛው ቃል ነው። መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ ካሰመረበት በኋላ መዝገበ ቃላቱን ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ እኮ አንድ ናቸው» ስትለኝ፣ ጥፋቱ የእርሷ አለመሆኑን ለማስረዳት ተቸገርኩ።

ከዚህ የከፋው ደግሞ «ኢንጂኒየስ» ብቻ ገብቶ ጎረቤቱ «ኢንጀኒዩስ» መቅረቱ ነው። የመጀመሪያው ብልሃተኛ፣ ሁለተኛው የዋህና ግልጽ ማለት ነው፤ በጽሑፍ የሚለዩትም በአንዲት ፊደል ነው። ሁለተኛውን ያጣ አንባቢ በፊተኛው ተክቶ የዋሁን ሰው ብልሃተኛ ማለቱ የማይቀር ነው።

ሕትመቱ ጥራት ያለው፣ ጥራዙም ጠንካራ ነው። እኛም የጎደሉትን ትርጉሞች በየገጹ ኅዳግ ላይ በእርሳስ እየጻፍን እየተጠቀምንበት ነው፤ አዘጋጁ በሚቀጥለው እትም እነዚህን ቃላት እንዲያስተካክላቸው አጥብቄ እጠይቃለሁ።