የዲስፔስ ሰርቨራችንን ለታደገችልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለምትፈልጓትም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁም። በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቂሊንጦና በገላን አካባቢ በቤተ መጻሕፍት፣ በአይሲቲ ወይም በመዝገብ ቤት የምትሠሩ ሁሉ ይህን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የምጽፈው አንዲት ባለሙያ እህታችንን በአደባባይ ለማመስገንና እንደ እሷ ያለ ሰው ለቸገረው ለመጠቆም ነው። ስሟንና ስልኳን እዚህ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ አላወጣም። ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እልካለሁ።

የምሠራው ከተማው ዳር ባለ አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ነው። የተማሪዎቻችንን የመመረቂያ ጽሁፎች፣ የመምህራንን ጥናቶች፣ ስካን የተደረጉ የድሮ ካርታዎችንና ፎቶዎችን የምናስቀምጠው በዲስፔስ ነው። ለማታውቁት፣ ዲስፔስ የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲና የኤችፒ ኩባንያ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ የዲጂታል ማኅደር ሶፍትዌር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመመረቂያ ጽሁፎችን ለማስቀመጥ ተጠቅሞበታል። የተጻፈው ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስለሆነ የሜሞሪ ጣጣው የጃቫ ጣጣ ነው።

እኛ ዘንድ ጣጣው በሁለት በኩል ይመጣ ነበር። አንዱን ሁሉም ያየዋል፤ ጠዋት ስንገባ ሲስተሙ ወድቆ እናገኘዋለን። ሁለተኛው ግን ድምፅ የለውም። ጽሁፉ ተጭኗል፣ ርዕሱ ይታያል፣ ፒዲኤፉም ይከፈታል፤ ውስጡ ያለውን ቃል ስትፈልጉት ግን አይወጣም። የአቃቂን ወንዝ ብክለት የምታጠና አንዲት ተማሪ ከእሷ በፊት የተሠራውን ስትፈልግ «ምንም የለም» ተብላ ተመልሳለች። ጽሁፉ ግን እዚያው ማኅደራችን ውስጥ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያንገበግብ ነገር የለም።

ከእሷ በፊት የመጡት ባለሙያዎች ሎጉን (ሲስተሙ የሚሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል) ከፍተው «አውት ኦፍ ሜሞሪ ኤረር፣ ጃቫ ሂፕ ስፔስ» የሚለውን መስመር ሲያዩ የቶምካቱን፣ ማለትም ዲስፔስን የሚያስኬደውን ፕሮግራም፣ የሜሞሪ ጣሪያ ከፍ አድርገው ይሄዱ ነበር። ከ1 ጊጋ ወደ 2፣ ከ2 ወደ 4፣ መጨረሻ ላይ 6 ጊጋ ደረሰ። የሰርቨሩ ጠቅላላ ራም 8 ጊጋ ነው። የመጨረሻው «ይሄ ማሽን አቅሙ አልቋል፣ አዲስ ግዙ» ብሎ ፕሮፎርማም ይዞ መጥቶ ነበር። የአዲስ ሰርቨር ዋጋ ዛሬ ስንት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ይህች ልጅ ስትመጣ መጀመሪያ ምንም አልነካችም። ደብተሯን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ ሲወድቅ ሁሌ የሚጻፈው አንድ ዓይነት ነው ወይ? ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚወድቀው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ የቶምካቱን ሎግ፣ የዲስፔሱን ሎግና የሊኑክሱን (ሰርቨሩ የሚሠራበትን ስርዓተ ክወና) መዝገብ ጎን ለጎን ከፍታ ሰዓታቸውን ታመሳክር ጀመር። ረጅም ጊዜ ወስዳለች። እውነቱን ለመናገር ሥራዋን የወደድኩት እዚያው ላይ ነው፤ ከሷ በፊት የሚሞተው ማን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ያገኘችው ሁለት የተለያየ ችግር ነው። ሲስተሙ በወደቀባቸው ሌሊቶች የቶምካቱ ሎግ ላይ የጃቫ ስህተት የሚባል ነገር የለም። ሎጉ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በቃ። ምክንያቱ የተጻፈው ሌላ ቦታ ነበር። ዲሜሴጅ የሚባለውን ትእዛዝ ስትሰጥ «አውት ኦፍ ሜሞሪ፣ ኪልድ ፕሮሰስ» የሚል መስመር ወጣ፤ ቀጥሎም የጃቫው ስም። ጃቫ ቦታ አጥቶ አልነበረም የሞተው፤ ሊኑክስ ራሱ ነው የገደለው።

አይሲቲ ኃላፊያችን እንዲገባው ያስረዳችው እንዲህ ብላ ነው፦ «ግቢው ስምንት ክፍል ነው እንበል። ለአንድ ተከራይ ስድስቱን ሰጣችሁት። የቀሩት ሁለት ክፍሎች ለባለቤቱም፣ ለሌሎቹም ተከራዮች ናቸው። ሁሉም ማታ ላይ ቤት ሲገባ ባለቤቱ አንዱን ማስወጣቱ ነው፤ የሚያስወጣውም ሰፊውን የያዘውን ነው።» የቶምካት 6 ጊጋ ለሂፑ፣ ማለትም ጃቫ ሲሠራ መረጃውን ለሚያስቀምጥበት ቦታ፣ ብቻ ነው። ጃቫ ከሂፑ ውጭ ለሜታስፔስ (ክላሶቹን፣ ማለትም የፕሮግራሙን ክፍሎች፣ ለሚይዝበት ቦታ) እና ጎን ለጎን ለሚሮጡት የሥራ ክሮቹ ተጨማሪ ይወስዳል። እዚያው ማሽን ላይ ዳታቤዙ፣ ፖስትግሬስ፣ አለ። ሌሊት የሚነሳው ሥራ ደግሞ የራሱን ሌላ ጃቫ ያስነሳል። ሁሉም ሲደመር 8 ጊጋውን ያልፋል።

ስለዚህ ጣሪያውን ቀነሰችው። ከ6 ጊጋ ወደ 3። ኃላፊያችን ደንግጦ «እንዴ፣ ሜሞሪ አነሰ እያልን ይቀነሳል እንዴ?» ሲል፣ በቃል አልተከራከረችውም። ጄስታት የሚባለውን መሣሪያ ከፍታ ቶምካቱ ሲሠራ፣ ጃቫ ቆሻሻውን ከጠረገ በኋላ በእርግጥ ይዞት የሚቀረው 1 ጊጋ አካባቢ መሆኑን በዓይኑ አሳየችው። ከዚያ በኋላ ነው ቁጥሩን የቀየረችው።

የሌሊቱ ሥራ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው፤ ዲስፔስ ያላችሁ በተለይ ይህቺን ልብ በሉ። ከፒዲኤፍ ውስጥ ቃሉን አውጥቶ ለፍለጋ የሚያዘጋጀው፣ የምስሎቹንም ትንንሽ ገጽታ የሚሠራው ፊልተር ሚዲያ የሚባለው ትእዛዝ ነው። እኛ ዘንድ ሌሊት በክሮን (ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት በራሱ በሚያስነሳው የሊኑክስ ፕሮግራም) ይነሳል። ይህ ትእዛዝ ቶምካት ውስጥ አይሠራም፤ በራሱ ጃቫ ነው የሚሮጠው። ቢን በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለው የዲስፔስ ማስነሻ ፋይል ማንም ሌላ ቁጥር ካልሰጠው የሚፈቅድለት 256 ሜጋ ብቻ ነው። ፋይሉን ከፍታ መስመሩን በጣቷ አሳየችኝ። የቶምካቱ ጣሪያ 1 ሆነ 6፣ 60ም ቢሆን ይህን ሥራ የሚነካው ነገር የለም። ለዚህ ነው ያ ሁሉ መጨመር ለሌሊቱ ሥራ «ጃቫ ሂፕ ስፔስ» ስህተት ምንም ያልፈየደው።

ቀጥላ የትኛው ፋይል ላይ እንደሚሞት ፈለገች። ትእዛዙን ዝርዝር እንዲያወጣ አድርጋ ስታስሮጠው አንድ የድሮ ካርታ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ካርታው ጄፔግ ነው፣ ዲስክ ላይ 11 ሜጋ ብቻ ነው የሚይዘው። «11 ሜጋ እንዴት 256 ሜጋን ይጨርሳል?» አልኳት። ወረቀት ላይ አሰላችልኝ፦ ምስሉ በጎኑ 12,000፣ በቁመቱ 9,000 ነጥብ ነው። ሲባዛ 108 ሚሊዮን ነጥብ። ጃቫ ምስሉን ለማሳነስ መጀመሪያ ሙሉውን ይዘረጋዋል፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት ይይዛል፣ 324 ሚሊዮን ባይት። ሜሞሪ ውስጥ የሚቆጠረው ይህ ነው፤ የታመቀው 11 ሜጋ አይደለም። ትእዛዙ እዚያ ላይ ሲሞት ሙሉ ሥራው ይቆማል። በማግስቱ ሌሊት ያለፉትን ያልፍና ያችው ካርታ ጋ ደርሶ እንደገና ይሞታል። ከካርታዋ ኋላ ተራ የሚጠብቁት ጽሁፎች ሁሉ ቃላቸው ሳይወጣ ቀረ ማለት ነው። የአቃቂው ጥናትም አንዱ ነበር።

ለሌሊቱ ሥራ ብቻ 1 ጊጋ ፈቀደችለት። ለትልልቅ ፒዲኤፎች ደግሞ ማስተካከያው ፋይል ላይ ሁለት መስመር አበራች። አንዱ የሚወጣውን ጽሁፍ ሜሞሪ ላይ ከመከመር ይልቅ ጊዜያዊ ፋይል ላይ እንዲጽፍ የሚያደርግ ነው፤ ይዘገያል እንጂ አይወድቅም። ሌላው አንድ ፒዲኤፍ ከአቅም በላይ ቢሆን እሱን መዝግቦ ወደሚቀጥለው እንዲያልፍ ያደርጋል። ፍለጋው የሚጠቀምበትን የቃላት ማውጫ፣ ኢንዴክሱንም፣ እንደገና አሠራችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። የማስነሻው ፋይል ከ256 ሜጋው ጎን «ፋይል ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ 8» የሚል አለው፤ የአማርኛን ፊደል ሳይበላሽ የሚያጽፈው እሱ ነው። ሜሞሪውን ለመጨመር የራሳችሁን መስመር ስትጽፉ የቀድሞው መስመር በሙሉ ይሻራል፣ ዩቲኤፉም አብሮ ይሄዳል። ልጅቷ ሁለቱንም በአንድ የአማርኛ ጽሁፍ ላይ ሞክራ አሳየችኝ። ዩቲኤፍ ሳይኖር በክሮን ሲሮጥ የወጣው ፋይል ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ነበር፤ አንድ ፊደል የለም። ከዚያ ያችን መስመር ጨምራ ስታስሮጠው አማርኛው አንድ ሳይጎድል ወጣ። ይህን የማያውቅ ሰው «ሜሞሪውን አስተካክያለሁ» ብሎ ቢሄድ የአማርኛ ጽሁፎቻችን በሙሉ ከፍለጋ ውጭ ይሆኑ ነበር፣ እኛም ለወራት አናውቅም ነበር። ለቋንቋችን የሚቆረቆር ባለሙያ ማለት ለእኔ እንዲህ ነው።

አንዳንድ የቆዩ የአማርኛ ጽሁፎች ግን ከዚያም በኋላ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆነው ነው የወጡት። እነዚህ የሜሞሪ ችግር እንዳልሆኑ ወዲያው ነገረችን። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ሰው በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች መጻፉን ቀጥሎበታል። ለዓይን አማርኛ ይመስላሉ፣ ከስር ያለው ኮድ ግን የላቲን ነው። ስካን ብቻ የሆኑትም የሚወጣ ቃል የላቸውም። ይህንን እንደ ሌላ ሥራ ለይታ ጻፈችልን፤ «ይሄንንም ልሥራላችሁ» ብላ ሒሳብ አልጨመረችም።

ስትጨርስ በአማርኛ የተጻፈ ማስረከቢያ ሰጥታናለች። የቀየረችው መስመር የቀድሞውና አዲሱ፣ ለምን እንደቀየረችው፣ ወደ ነበረበት ለመመለስ ምን እንደሚደረግ ሁሉ ተጽፏል። የስህተቶቹንም ዓይነት ለያይታዋለች። «ሂፕ ስፔስ» ካለ የመረጃው ቦታ ሞልቷል። «ጂሲ ኦቨርሄድ ሊሚት» ካለ ጃቫ 98 በመቶ የሚሆነውን ጊዜ በጠረጋ አሳልፎ ከ2 በመቶ ያነሰ ቦታ ነው ያስለቀቀው። «ሜታስፔስ» ካለ የክላሶቹ ቦታ ነው፤ ከጃቫ 8 በፊት «ፐርምጄን» ይባል የነበረው ማለት ነው፣ የሂፑን ጣሪያ መጨመር አይፈታውም። ምንም ሳይል ከሞተ ዲሜሴጅን ተመልከቱ። ወደፊት ሂፑ ከሞላ ጃቫ ሲወድቅ የሜሞሪውን ግልባጭ ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ አዘጋጅታለች፤ ግልባጩ የሂፑን ያህል ሊገዝፍ ስለሚችል ሰፊ ቦታ ያለውን ዲስክ መርጣለታለች። እኛ ሰፈር መብራት በተደጋጋሚ ስለሚጠፋ፣ ሰርቨሩ ሲነሳ ፖስትግሬሱ ቀድሞ ቶምካቱ ተከትሎ እንዲነሳም አስተካክላዋለች። ይህ ከስምምነታችን ውጭ ነበር።

ያልደበቀችን ነገርም አለ። የእኛ ዲስፔስ 6 ነው፤ ለእሱ የሚሰጠው ድጋፍ በ2023 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። «ይሄ ያቆያችኋል፣ ግን ወደ 7 ወይም ከዚያ በላይ መሄዳችሁ አይቀርም» ብላ ነግራናለች። በ7 የፊት ገጹ ኖድ በሚባል ፕሮግራም ለብቻው፣ የፍለጋው ሞተር ሶላሩም ለብቻው ስለሚሮጥ ያን ጊዜ ተጨማሪ ራም በእርግጥ ያስፈልጋል። የዚያን ጊዜ ሰርቨር ብንገዛ ለምን እንደገዛን እናውቃለን።

ልጅቷ መደበኛ ሥራ አላት፣ የምትመጣው ቅዳሜና እሁድ ነው። ለአስቸኳይ ጥሪ አትሆንም፣ ይህን አስቀድማ ትናገራለች። ዋጋዋን ሥራው ሳይጀመር በጽሁፍ ትሰጣለች፣ ደረሰኝ ትቆርጣለች። የኔትወርክ ዝርጋታና የፕሪንተር ጥገና አትሠራም። ዲስፔስ ወይም ሌላ በቶምካት ላይ የሚሮጥ የጃቫ ሲስተም ኖሯችሁ በሜሞሪ የምትሰቃዩ ከሆነ ግን ሌላ ሰው አልጠቁማችሁም። ወጣቱን የአይሲቲ ሠራተኛችንን አጠገቧ አስቀምጣ እያንዳንዱን ትእዛዝ ራሱ እንዲጽፍ ስታደርገው ነበር፤ አሁን ጠዋት ጠዋት ሎጉን የሚያነበው እሱ ነው።

እህቴ፣ ይህን ታነቢው ይሆናል። በቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞችና ፍለጋው በሚሠራላቸው ተማሪዎች ስም ከልብ አመሰግንሻለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልን።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትደውሉላት የዲስፔሳችሁን ስሪት፣ የሰርቨሩን ጠቅላላ ራም፣ አሁን የተሰጠውን የሂፕ ጣሪያና ሲስተሙ የወደቀበትን ቀን ሎግ አዘጋጁ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እነዚህን ነው። ሎጉን እስክታይ ድረስም ሰርቨሩን ሪስታርት አታድርጉት።