ትልልቅ ፕሮቲኖችን ለማየት የአጋሮዝ ጄል፦ ከአራት ወር በኋላ

ሥራዬ የጡንቻ ፕሮቲኖችን በሁለት ዙር ጄል (ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ ግፊት የሚጓዙበት ለስላሳ፣ ዝልግልግ ነገር) መለየት ነው፤ መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ሙላታቸው፣ ቀጥሎ በመጠናቸው። ለመጀመሪያው ዙር እንደ አብዛኛው ሰው ደረቁን የአክሪላማይድ ስትሪፕ (በቀጭን ፕላስቲክ ላይ የተለጠፈ ሰው ሠራሽ ጄል) ነበር የምጠቀመው። ለትንንሾቹ ፕሮቲኖች እንከን አላወጣለትም። ከ150 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) በላይ ሲሆን ግን የጄሉ አናት ባዶ ሜዳ ነው። ጡንቻን የሚያኮማትረው ፕሮቲን፣ የማዮሲን ከባዱ ሰንሰለት፣ 220 ኪሎዳልተን ገደማ ነው፣ ጡንቻ ውስጥም ሞልቷል፤ እሱ እንኳ እንደ ጭስ ተጎትቶ ይቀርብኝ ነበር። ናሙናው ውስጥ እንዳለ እያወቁ ማጣት ያበሳጫል።

በቀጭን የመስታወት ቱቦ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የአጋሮዝ (ከባሕር አረም የሚወጣ) ጄል የገዛሁት ለዚህ ነው። ሳይንቲስቱ ፓትሪክ ኦፋሬል እ.ኤ.አ. በ1975 ይህን የሁለት ዙር ዘዴ ሲያሳትም የመጀመሪያው ዙር በቱቦ ነበር፤ እኔም ወደዚያው ተመለስኩ። አጋሮዝ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ትልቁን ፕሮቲን አያንቀውም። ፕሮቲኑን የሚያቀልመውን ኩማሲ ብሉ ትርፉን አጥቤ ጄሉን መብራት ላይ ሳነሳው ማዮሲን ቦታውን ይዞ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ከአጠገቡ አይቻቸው የማላውቃቸው ነጠብጣቦች ነበሩ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

አያያዙ ግን ከባድ ነው። ፕሮቲኖቹን የሚያሟሟው ዩሪያ ስላለበት ጄሉ በደንብ አይጠነክርም፤ ከቱቦው ሲወጣ በቅጡ ያልበሰለ የእንቁላል ነጭ ይመስላል። የመጀመሪያውን በወረንጦ ስይዘው መሀሉ ላይ ተቆረጠና የሦስት ቀን ልፋቴ ጠፋ። አሁን ወረንጦ አላስጠጋውም። በውኃ ግፊት ቀስ አድርጌ ትሪክሎሮአሴቲክ አሲድ ያለበት ሳህን ውስጥ አወርደዋለሁ፤ አሲዱ ፕሮቲኖቹን ባሉበት ያስቀራቸዋል። ከዚያ በውኃ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ሁለተኛው ጄል ላይ የጉዞውን መድረሻ የሚያሳየው ሰማያዊ ቀለም፣ ብሮሞፌኖል፣ ቢጫ ከሆነባችሁ አሲዱ አልለቀቀም ማለት ነው። ፍሪጅ ውስጥ ስታስቀምጡም ከበረዶው ክፍል አርቁት፤ በረዶ ከሠራ በኋላ አይሆንም።

ግዙፉን የጡንቻ ፕሮቲን ቲቲንን ከዚህ አትጠብቁ። ከ3,000 ኪሎዳልተን በላይ ነው፤ ሁለተኛው ዙር አክሪላማይድ እስከሆነ ድረስ መግቢያው ላይ ይቀራል። እሱን የሚፈልግ ሁለተኛውንም ጄል በአጋሮዝ ማፍሰስ አለበት።

ከ100 ኪሎዳልተን በታች ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ስትሪፓችሁን አትለውጡ፤ ቀላልም ነው፣ ከጄል ጄል ውጤቱም አይዋዥቅም። እኔ ለማዮሲን ብዬ ሁለት ሳጥን ጨምሬ አዝዣለሁ።