14 ወይስ 20 ኪሎ? ለሞቃቱም ለቀዝቃዛውም ባሕር አንድ ዊንግ ለሚገዛ

ዊንግ ማለት ጠላቂ ጀርባው ላይ የሚያስረው፣ አየር እየነፋበት ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፍበት ፊኛ ነው። «አንድ ቀን ቀዝቃዛው ኬፕታውን ልጠልቅ ስለምችል ትልቁን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ከአዲስ አበባ ጠላቂዎች አፍ አይጠፋም። አትግዙት። በአንድ ሲሊንደር ለሚጠልቅ ሰው 14 ኪሎ የሚያነሳው፣ 30 ፓውንድ ተብሎ የሚጻፍበት ዊንግ፣ ለጅቡቲም ለኬፕታውንም ይበቃል።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ዊንጉ የሚያካክሰው የያዛችሁትን አየር ክብደትና ልብሱ ጥልቀት ላይ የሚያጣውን ተንሳፋፊነት ነው። ባለ 11 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2.6 ኪሎ ገደማ አየር ይይዛል። ጅቡቲ ላይ የሚለበሰው 3 ሚሊሜትር ዌትሱት (ስፖንጅ መሰል የጎማ የመጥለቂያ ልብስ) ጥልቀት ላይ ሲጨመቅ ሁለት ኪሎ ያህል ተንሳፋፊነት ያጣል። ድምሩ አምስት ኪሎ አይሞላም፤ ለዚያ ባለ 9 ኪሎውም በቂ ነው። ኬፕታውን ግን ድርብ 7 ሚሊሜትር ይለበሳል። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን ልብሱ ብቻውን ሰባት ስምንት ኪሎ ያጣል። አየሩን ጨምሩበት፤ አሁንም ከ14 በታች ነው። ድራይሱት (ውኃ ጨርሶ የማያስገባውን ልብስ) የለበሰማ ጥልቀት ላይ ልብሱ ውስጥ አየር ስለሚያስገባበት ትልቅ ዊንግ ጭራሽ አያስፈልገውም። ባለ 20 ኪሎው ለመንታ ሲሊንደር የተሠራ ነው። በአንድ ሲሊንደር ላይ ሲታሰር ክንፎቹ ወደ ላይ ይታጠፋሉ፣ አየር እጥፋቱ ውስጥ ይታፈናል፣ ለማስወጣት ስትታገሉ ሳትፈልጉ ሽቅብ ትወጣላችሁ።

አሁን ወደ ዋጋው። ስም ያለው ዊንግ ጀርባ ላይ ከሚያርፈው የብረት ሳህንና ከማሰሪያው ጋር ከ500 እስከ 700 ዶላር ይጠይቃል፤ ኮፒው 150 ወይም 200። በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ ሰው ልዩነቱ ያጓጓል። ኮፒው ግን ብዙውን ጊዜ ባለ አንድ ንጣፍ ነው፤ ብየዳው ከለቀቀ መጣል ብቻ ነው። ባለ ድርብ ንጣፉን ምረጡ፦ ከውጭ ወፍራም የኮርዱራ ሽፋን፣ ከውስጥ በዚፕ የሚወጣ ፊኛ። ሽፋኑ ቢቀደድ ወይም ዚፑ ቢበላሽ መርካቶ ያለ ሸራ ሰፊ ይሠራዋል። ፊኛው ሲሊንደሩና ሳህኑ መሃል ተቆንጥጦ ቢበሳም በሳሙና ውኃ ቀዳዳውን አግኝታችሁ በዩሬቴን ማጣበቂያ ትደፍናላችሁ። ጎሚስታ ጋ አትውሰዱት! ፊኛው ፖሊዩሬቴን ነው፤ የጎማ ማስቲሽ አይይዘውም፣ የሚተኮሰው ልጣፊም ያቀልጠዋል።

ያገለገለ ስትገዙ የግፊት ማስተንፈሻው እስኪያፏጭ ንፉትና 24 ሰዓት አቆዩት። ጠዋት ትንሽ ላላ ብሎ ብታገኙት አትደንግጡ፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ውስጡ ያለውን አየር ስለሚያቀዘቅዘው ነው። በነፋችሁበት ሰዓት ድጋሚ እዩት፤ ያኔም ከላላ ያፈስሳል። ማስተንፈሻው ከመክፈቱ በፊት ስፌቱ ከተወጠረ ወይም ብየዳው ላይ ነጭ አረፋ ካያችሁ ለሻጩ መልሱ። መንፊያ ቁልፉንም ደጋግማችሁ ተጫኑት። ጨው የያዘው ቁልፍ ተጭናችሁ ስትለቁት ቶሎ አይመለስም፤ ውኃ ውስጥ እንደዚያ ከተጣበቀ ዊንጉ በራሱ ይሞላል፣ ከሲሊንደሩ አየር የሚያመጣለትን ቱቦ ወዲያው ከቁልፉ መንቀል ነው።