ትልቁ ሱፐርማርኬት ወይስ መካከለኛው፦ ቅሬታ ይዞ ለሚመለስ ገዢ የቱ ይሻላል?

ወዳጆቼ «አስቤዛ ከየት ነው የምትገዛው? የትኛው ይሻላል?» እያሉ በጠየቁኝ ቁጥር ለዓመታት የሰጠኋቸው መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ ዋጋው ዝቅ ካለበት ግዙ እላቸው ነበር። ይህን መልስ ያስተወኝ አንድ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ነው። ከአንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት፣ ከሌላው ቦታ በግልጽ ባነሰ ዋጋ ገዝቼው በሦስተኛው ሳምንት ማብሪያው አልይዝ አለ፤ ወደ ታች ሲጫኑት ተስፈንጥሮ ይመለሳል። ይዤው ስሄድ በደንበኞች አገልግሎት ጠረጴዛ ያለችው ሠራተኛ በትሕትና ተቀብላኝ፣ ጥገናው የአስመጪው እንጂ የሱቁ ኃላፊነት እንዳልሆነ ነገረችኝ። አስመጪው ዘንድ ስደርስ የዋስትና ወረቀቱ የሻጩ ማህተም ስለሌለበት እንደማይቀበሉኝ ገለጹልኝ። ማህተሙን ፍለጋ ወደ ሱፐርማርኬቱ ብመለስ ደግሞ ማህተም የሚመታው በግዢው ዕለት ብቻ ነው ተባልኩ። ለመመላለስ ያወጣሁት የትራንስፖርት ገንዘብ በግዢው ካተረፍኩት በለጠ፤ ማፍያውም ሳይጠገን ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አንድን ሱፐርማርኬት የምመዝነው ስሕተት በተፈጠረ ዕለት በሚያሳየው ጠባይ ነው። እዚህ የማነጻጽራቸው ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ብዙ ቅርንጫፎች፣ የደንበኞች አገልግሎት ጠረጴዛ፣ የስልክ መስመርና የነጥብ ካርድ ያለው ትልቁ ሲሆን፣ ሁለተኛው አንድ ወይም ሁለት ቅርንጫፍ ብቻ ያለው፣ ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ከመደርደሪያዎቹ መካከል የማይጠፋበት መካከለኛው ነው። ምርጫዬን ከወዲሁ ልናገር፦ ለዘወትር አስቤዛ የምሄደው ወደ መካከለኛው ነው፤ ትልቁ የሚበልጥበትንም አልደብቅም።

በዋጋ ልጀምር፤ ጠያቂዎቼ ሁሉ የሚጀምሩት ከዚያ ነውና። በታሸጉ ደረቅ ዕቃዎች፣ ማለትም በሩዝ፣ በፓስታ፣ በስኳርና በሳሙና፣ ትልቁ በጅምላ በብዛት ስለሚገዛ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ መደርደሪያው ላይ የተጻፈው ዋጋና ሒሳብ ሲከፈል የሚነበበው ዋጋ ካልተገናኙ ይህ ብልጫ ከገዢው እጅ ሳይደርስ ይቀራል። ዛሬ በየማሸጊያው ላይ የምናየው ዓይነት ባርኮድ፣ ማለትም በመሣሪያ የሚነበበው ባለ መስመር ምልክት፣ በሱፐርማርኬት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1974 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ትሮይ በምትባል ከተማ፣ በአንድ እሽግ ማስቲካ ላይ ነበር፤ በታሸገ ዕቃ ላይ የሚታተመው ባርኮድ ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ የሚይዘው የዕቃውን መለያ ቁጥር ነው፤ ዋጋው የሚገኘው በሱቁ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ዋጋው ተቀይሮ የመደርደሪያው ወረቀት ሳይቀየር ካደረ፣ ወይም የቅናሹ ጊዜ አልፎ ማስታወቂያው ሳይነሣ ከቀረ፣ ገዢው አንዱን ዋጋ አይቶ ሌላውን ይከፍላል። ነገሩ ሁልጊዜ ከተንኮል የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ ዕቃና ብዙ ቅናሽ ባለበት ቦታ አጋጣሚው ይበዛል፤ ብዙ ዕቃና ብዙ ቅናሽ ያለው ደግሞ ትልቁ ነው።

ልዩነቱ ከተገኘ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው ሁለቱን የሚለያቸው። በትልቁ ሱፐርማርኬት ሁለት ጠርሙስ ዘይት ከመደርደሪያው ዋጋ በላይ ሲነበብብኝ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ «ሲስተሙ የሚለው ይህንን ነው» አለችኝ፤ እውነቷን ነበር፣ ዋጋ የማስተካከል ሥልጣን አልተሰጣትም። ተቆጣጣሪው እስኪጠራ ከኋላዬ ሰልፉ እየረዘመ ሄደ፤ እኔም ሌሎቹን ላለማስቆም ስል የተጠየቅኩትን ከፍዬ ወጣሁ። በመካከለኛው ተመሳሳይ ነገር በወተት ላይ ሲያጋጥመኝ፣ ሥራ አስኪያጁ አብሮኝ እስከ ማቀዝቀዣው ሄዶ ወረቀቱን በዓይኑ አየ፣ በጥፍሩ ላጠው፣ ልዩነቱን በጥሬ ገንዘብ መለሰልኝ። ዕቃዬን ከረጢት ውስጥ ከትቼ ስጨርስ ትክክለኛው ዋጋ ተለጥፎ ነበር። አንዳንድ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚቀየር የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ መለያ አስገብተዋል፤ እንዲህ ዓይነት መለያ ባለበት ቦታ ይህን ቅሬታዬን በእጅጉ እቀንሳለሁ። በካናዳ ደግሞ ቸርቻሪዎች በፈቃዳቸው የሚገቡበት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ ላይ የዋለ ደንብ አለ፤ የተነበበው ዋጋ ከመደርደሪያው ከበለጠና ዕቃው ከተወሰነ ዋጋ በላይ ካልሆነ ገዢው ዕቃውን በነፃ ይወስዳል። የምትገዙበት ሱፐርማርኬት እንዲህ ያለ ግልጽ ደንብ ካለው በጽሑፍ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

በአንድ ነገር ትልቁን ማመስገን ይገባል፤ ከዕቃው ዋጋ ጎን የኪሎውን ወይም የሊትሩን ዋጋ የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው መመሪያ ይህን ግዴታ ማድረጉ ያለ ምክንያት አይደለም፦ ማሸጊያው ሳይቀየር ውስጡ ያለው ግራም ሲቀንስ፣ ወይም ትልቁ እሽግ ከትንሹ በኪሎ ሲወደድ፣ ገዢው የሚያውቀው በዚህች ቁጥር ብቻ ነው። በመካከለኛው ይህ ቁጥር እምብዛም ስለማይገኝ፣ ስልኬን አውጥቼ ዋጋውን ለክብደቱ አካፍላለሁ።

በሚመዘን ዕቃ ግን ፍርዴ ይገለበጣል። አይብ ወይም ሥጋ ተመዝኖ የሚለጠፍበት ባርኮድ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ቁጥር ይጀምራል፤ ይህ ለሱቁ የውስጥ አገልግሎት የተተወ መነሻ ሲሆን፣ የዕቃው ክብደት ወይም ዋጋ እዚያው ቁጥሩ ውስጥ ይገባል። መዛኙ የተሳሳተ ኮድ ከነካ፣ ወይም የማስቀመጫውን ሣህን ክብደት ሳይቀንስ ከመዘነ፣ ስሕተቱ ባርኮዱ ውስጥ ገብቶ ይታተማል፤ ሒሳብ ተቀባዩም ሊያገኘው አይችልም። በትልቁ ብዙ ጊዜ የማገኘው ቀድሞ ተመዝኖ፣ ታሽጎ፣ ተለጥፎበት የተቀመጠውን ነው። በመካከለኛው ሚዛኑ ፊቴ ነው፤ ባዶውን ሣህን አስቀምጦ ዜሮ ሲያደርገው አያለሁ፣ ካላደረገም እጠይቃለሁ፣ ሳይከፋውም ያስተካክላል።

መጠቀሚያ ጊዜው ስላለፈ ዕቃ ብዙ አልልም፤ በሁለቱም አጋጥሞኛል፣ ሁለቱም ቀይረውልኛል። ትልቁ ግን በገንዘቤ ፈንታ እዚያው ብቻ የምገዛበት ኩፖን ሰጠኝ፤ የተበላሸ ዕቃ ለመለሰ ሰው ይህ ካሳ አይደለም።

መካከለኛው በእርግጥ የሚደክመው አስመስለው በተሠሩ ዕቃዎች ላይ ነው። ትልቁ ከአምራቹ ወይም ከዋናው አከፋፋይ ጋር ውል ሲኖረው፣ መካከለኛው መኪናው ላይ ጭኖ ከሚያዞር አከፋፋይ ሁሉ ይገዛል፤ ስለዚህ የምላጭ፣ የባትሪ፣ የሻምፑና የጥርስ ሳሙና ቅጂ የሚሾልከው በዚህ በኩል ነው። አንድ ጊዜ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ከዚያው ገዝቼ በሳምንቱ ፈሳሽ አውጥቶ የሰዓቱን ሽቦ በላው። ይዤው ስሄድ ሥራ አስኪያጁ ካርቶኑን ከመጋዘን አስመጣ፤ ጎን ለጎን አድርገን ስናይ በማሸጊያው ጀርባ ያለው ጽሑፍ የደበዘዘ፣ የምርት ቀኑም በሁሉም እሽጎች ላይ አንድ ዓይነት ጠማማ ሆኖ የታተመ ነበር። እኔ እዚያው ቆሜ እያለሁ ባትሪዎቹን ከመደርደሪያው አነሣቸው፣ የባትሪውን ብቻ ሳይሆን የሰዓቱን ማሠሪያም ከፈለኝ። ያም ሆኖ እንዲህ ያሉትን ዕቃዎች ዛሬም ከትልቁ እገዛለሁ፤ መልካም ይቅርታ ቢጠየቅም ሰዓቱ እንደ ድሮው አልሆነምና።

አስተያየት መስጫውን በተመለከተ፣ በትልቁ ሱፐርማርኬት በር አጠገብ የተሰቀለውን የተቆለፈ ሳጥን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ከትቼበታለሁ፤ ስልክ ቁጥሬንም አስፍሬ ነበር፣ የደወለልኝ ሰው ግን የለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1962 ለምክር ቤቱ በላኩት መልእክት ከዘረዘሯቸው አራት የሸማች መብቶች አንዱ የመደመጥ መብት ነው፤ ሳጥን መስቀል ብቻውን ማድመጥ አይደለም። የስልክ መስመሩ ከሳጥኑ ይሻላል፤ የቅሬታ ቁጥር ከሰጧችሁ ያዙት፣ ካልሰጧችሁ ጠይቁ። በኢንተርኔት የሚሰጡ ኮከቦችን ስታዩ ደግሞ አምስት ኮከብ ሰጥቶ «በጣም ጥሩ» ብቻ ያለውን አልፋችሁ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰጥቶ ምን እንደገዛ፣ ማን እንዳነጋገረውና በስንት ቀን እንደተመለሰለት የጻፈውን አንብቡ። ከሥሩ የሱፐርማርኬቱ መልስ ካለም ተመልከቱት፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይቅርታ የሚገለብጥ ከሆነ ቅሬታውን አላነበበውም ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ ነክ ዕቃን በተመለከተ ከሁለቱም የትኛውንም አልመክርም፤ ግድ ከሆነ ግን ከሱቁ ሳትወጡ ዕቃውን ሰክታችሁ ሞክሩ፣ የዋስትና ወረቀቱ ላይም ማህተምና ቀን አስመቱ። ደረሰኙንም በዚያው ቀን በስልክ ፎቶ አንሡት፤ የሱፐርማርኬት ደረሰኝ በአብዛኛው በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ፣ በቦርሳ ፕላስቲክ ውስጥ ወይም ሙቀት ባለበት ቦታ ሲቆይ ጽሑፉ ይጠፋል። የኔ የማፍያ ደረሰኝ ለሦስተኛ ጊዜ ይዤው ስሄድ ከላዩ ላይ የሚነበበው ቀኑ ብቻ ነበር።