ቤቱን ራስዎ ያስተዳድሩ ወይስ ለአስተዳዳሪ ይስጡ?

የመጀመሪያ ቤቱን የሚያከራይ ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቃል።

ወጪ
ራስዎ ሲይዙት፦ የአገልግሎት ክፍያ የለም። ጊዜዎ ግን ይሄዳል።
አስተዳዳሪ ሲይዘው፦ ብዙውን ጊዜ ከወር ኪራዩ 10 በመቶ አካባቢ ይወስዳል። አዲስ ተከራይ ሲያስገባ ለብቻው የሚያስከፍልም አለ፤ ውሉን በደንብ ያንብቡ።

ስጋት
እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስላ። ቤቱ አንድ ወር ባዶ ከቆመ፣ ከዓመቱ ገቢ 8 በመቶ ያህሉ ሄደ ማለት ነው። ቶሎ ተከራይ የሚያገኝ ጎበዝ አስተዳዳሪ ክፍያውን በአብዛኛው ያካክሳል። ሰነፉ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያከስራል። ራስዎ ከያዙት ትልቁ አደጋ ተከራይን በችኮላ መምረጥ ነው። ገቢውን ሳያረጋግጡ፣ የቀድሞ አከራዩን ሳይጠይቁ ቁልፍ አይስጡ። እባክዎ!

ምቾት
ቧንቧ በእኩለ ሌሊት ቢፈነዳ የሚደወለው ለእርስዎ ነው ወይስ ለእሱ? ልዩነቱ ይኸው ነው።

ለማን የትኛው?
ቤቱ አንድና ቅርብ ከሆነ፣ ጊዜም ካለዎት ራስዎ ይያዙት፤ ሥራውን የሚማሩት እንዲያ ነው። የሚኖሩት ሌላ ከተማ ከሆነ፣ ቤቶቹ ከበዙ ወይም ኪራይ መጠየቅ የሚጨንቅዎ ከሆነ ለአስተዳዳሪ ይስጡት። በየወሩ ግን የገቢና ወጪ ሪፖርት ይጠይቁ።