የኢኬያ ሳጥን ከልዩ በር ጋር ወይስ ሙሉ የአናጺ ካቢኔት?

አሜሪካ ቤት የገዛ ወዳጅ ሁሉ ኪችኑን ሊያድስ ሲነሳ ይህን ይጠይቀኛል።

ዋጋ፦ ኢኬያ የተባለው የቤት ዕቃ መደብር የሚሸጠው «ሴክሽን» የኪችን ካቢኔት ሳጥን (በር የሌለው አካሉ) ርካሽ ነው። ለዓይን የሚታየው በሩ ስለሆነ የተረፈው ገንዘብ እዚያ ላይ ይውላል። ለዚሁ ሳጥን በር ብቻ የሚሠሩ ድርጅቶችም አሉ። አናጺው ግን የማይታየውንም በልክ ስለሚሠራ ሂሳቡ ከፍ ይላል።

ልክ፦ ሳጥኑ 12፣ 15፣ 18፣ 24 ኢንች እያለ በተወሰነ ስፋት ይመጣል። ጥግ ላይ 2 ኢንች ከተረፈ በጣውላ ይሸፈናል፤ ቦታው ባከነ። አናጺ እስከ ግድግዳው ይሞላዋል።

ውሃ፦ እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ሳጥኑ የተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ ነው። ከሲንክ ሥር ጠብ ጠብ የምትል ውሃ የተቆረጠ ጠርዝ ካገኘች እንጨቱ ያብጣል፤ ወደ ቦታውም አይመለስም። ለቧንቧ የተበሳውን ቀዳዳ ዙሪያውን በሲሊኮን ድፈኑት። የእንጀራ ምጣዱንም ከላይኛው ካቢኔት ሥር አታድርጉት፤ እንፋሎቱ በሩን ይጎዳዋል። አናጺውን ግን ውሃን በተሻለ በሚቋቋመው «በፕላይዉድ (ተደራርቦ በተጣበቀ ስስ እንጨት) ሥራልኝ» ማለት ይቻላል።

ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ባጀቱ ጠበብ ያለ ከሆነ ሳጥኑና ልዩ በሩ ይበቃል። ጥጉ የበዛ ወይም የተጣመመ አሮጌ ቤት ከሆነ አናጺ ጥሩ። በሩን ግን ሳጥኑ ተሰቅሎ ሳይለካ አትዘዙ። በትእዛዝ የተሠራ በር ብዙ ጊዜ አይመለስም።